የእንዶድ አረፋና ሃያ አምስት ዓመት

ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ የጣና ዳር ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። በየሳምንቱ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ እስከ ዛሬ ያልለመድሁት በማይክሮስኮፕ ሥር ጎኑ ላይ እሾህ አብቅሎ የሚታየውን ሞላላ የቢልሃርዝያ እንቁላል ነው። ካቶ ካትዝ በምንለው ዘዴ የምንመረምረው 41.7 ሚሊ ግራም ሰገራ ስለሆነ፣ የቆጠርነውን በ24 ስናባዛ በአንድ ግራም ውስጥ ያለውን የእንቁላል ብዛት እናገኛለን። በቅርቡ እናቱ ይዛው ከመጣች አንድ ልጅ ናሙና 19 ቆጠርሁ፤ 456 ማለት ነው፤ ከ400 ጀምሮ ያለው ደግሞ ከባድ ከሚባለው መደብ ይገባል።

«ዶክተር፣ አምና በትምህርት ቤት መድኃኒቱን ውጦ ነበር እኮ፤ እንዴት ተመልሶ መጣበት?» አለችኝ። እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ፕራዚኳንቴል በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል እንደሚገድል፣ ነገር ግን ልጁ በሚዋኝበት የሐይቅ ዳርቻ ያለውን ቀንድ አውጣ እንደማይነካ፣ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭም በቀን ብርሃን ውኃው ውስጥ እየዋኘ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ እንደሚገባ በቻልሁት መጠን አስረዳኋት። ይህን ባስረዳሁ ቁጥር የማስበው ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማን ነው፤ ዛሬም ስለ እሳቸው መጻፍ የፈለግሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ወጣቱ ተመራማሪ ቢልሃርዝያ የሚያሰራጩትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ዐድዋ ሄደው ወንዝ ለወንዝ ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፍፎ አዩ። ከላይኛው የወንዙ ክፍል በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢጨመርባቸው ወዲያው ሞቱ። አያቶቻችን ጋቢና ነጠላ ሲያነጡበት የኖሩት ፍሬ በውስጡ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ልብሱን የሚያነጣውም ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ይኸው ነው። በኋላ በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ንጥረ ነገሩን ለይተው ሲያወጡት በአባታቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ስለ እሳቸው የሚነገረው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኔ ግን ትልቁ ሥራቸው ከዚያ በኋላ ያለው ይመስለኛል። አንድ ወንዝ ዳር ያዩት ነገር እውነት መሆኑን ለማሳየት በመጀመሪያ ቤት ያስፈልግ ነበር፤ በ1966 በአዲስ አበባ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። ከዚያ ዐድዋ ላይ ከ1969 ጀምሮ አምስት ዓመት የፈጀ ሙከራ ተካሄደ፤ ወንዞቹ በእንዶድ ከታከሙ በኋላ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በየቀኑ ቁጥር የምቆጥር ሰው እንደመሆኔ ይህን አኃዝ ባነበብሁ ጊዜ ወንበሬን ገፍቼ ተነሥቻለሁ። ሕፃናቱ ከታመሙ በኋላ የዳኑ ሳይሆኑ አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም ያልተያዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት አላገኘም። በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ፣ ደረጃቸውን በጠበቁ ላቦራቶሪዎች መረጋገጥ ነበረበት፤ ፋብሪካ የሚያተርፍበት መድኃኒት ደግሞ ወጪውን የሚሸፍንለት ኩባንያ ያገኛል፣ ገበሬ በአጥሩ ላይ የሚያበቅለው ፍሬ ግን ባለቤት የለውም። ዶክተር አክሊሉ ይህን ገንዘብ ፍለጋ ዓመታት ደከሙ፤ በመጨረሻም በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የመርዛማነቱ ጥናት ተካሄደ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ አካባቢ የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያበቀሉ ሲያወዳድሩ ቆይተው 44 ቁጥር የተሰጠውን መረጡ። ሁለቱ በ1989፣ አማራጭ ኖቤል በሚባለው ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ሲከበሩ ከዐድዋው ወንዝ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት አልፎ ነበር። ከዓመት በኋላ በአሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የታላላቅ ሐይቆችን የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የሜዳ አህያ መሳይ ሰንበር ያለውን ባለ ዛጎል የውኃ እንስሳ እንደሚገድል ታየ፤ ዩኒቨርሲቲውም የፓተንት መብት ስላወጣበት ለዘመናት እንዶድን ያቆዩት ገበሬዎች ምን ያገኛሉ የሚለው ክርክር ተነሣ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

በዚህ መንገድ የቻይናዋን ተመራማሪ ቱ ዩዩን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ለባሕር ዳር ሰው የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም እንደ ቤት ዕቃ የታወቀ ነውና። በውስጡ ያለው አርቴሜተር የተሠራው እሳቸው ከአገራቸው የጭቁኝ ዘመድ ተክል ካገኙት አርቴሚሲኒን ነው። የዶክትሬት ዲግሪ የላቸውም፣ በውጭ አገርም አልተማሩም። በአራተኛው መቶ ዘመን ገ ሆንግ የጻፈው መድኃኒት ተክሉን በውኃ ነክሮ ጨምቆ መጠጣትን እንጂ ማፍላትን አያነሣም፤ እሳቸውም ይህን አስተውለው፣ ሙቀት ኃይሉን ያጠፋው ይሆናል ብለው በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጡት፤ በ1971 አይጦች ላይ ሠራ፣ ቀጥሎ በራሳቸው ሰውነት ሞከሩት። ላስከር የሚባለው የሕክምና ሽልማት በ2011፣ ኖቤል በ2015 መጣላቸው። ከሽልማቶቹ ይልቅ የሚያስቀናኝ ግን ከኋላቸው የቆመው ኃይል ነው፤ የቻይና መንግሥት በ1967 ያቋቋመው ፕሮጀክት 523 ብዙ ተቋማትን ለአንድ በሽታ አሰልፎ ነበር። ሁለቱም ተመራማሪዎች የጀመሩት ሕዝብ ከሚያውቀው ተክል ነው፤ የአንዳቸው ግኝት በጤና ጣቢያችን መደርደሪያ ላይ አለ፣ የሌላኛው ግን የለም። ልዩነቱን የፈጠረው የአእምሮ ብልጫ ነው ብዬ አላምንም።

ለእናትየዋም ስለ እንዶድ ነገርኋት። እናቷ ጋቢ ታጥብበት እንደነበር አስታወሰችና ትንሽ አሰብ አድርጋ «ዓሣውንስ?» አለችኝ። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው። እውነቷን ነበር፤ እንዶድ ውኃ ውስጥ ሲበዛ ዓሣም ይገድላል፣ ኃይሉ በሁለት ቀን ገደማ ቢጠፋም። ስለዚህ እንደ ጣና ላለ ሰፊ ሐይቅ ሳይሆን ለትናንሽ ወንዞችና ለመስኖ ቦዮች የሚስማማ ነው፤ ስንት እንደሚጨመር፣ መቼና የት እንደሚጨመር ማወቁ ነው ያን ሁሉ ዓመት የበላው።

ልጁ ሚዛን ላይ ወጣ፤ 30 ኪሎ። በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ሲታሰብ ባለ 600ው ሁለት እንክብል ይሆናል። በባዶ ሆድ እንዳይወስደው እናቱ ከመቀነቷ ዳቦ ፈትታ ቆርሳ ሰጠችው።