የዘጌን ጠጅ ለማየት ደብዳቤ አትጠይቁ

ጠጅ ለመጠጣት ከሆነ ባሕር ዳር ውስጥ በማንኛውም ቀን ወደ አንዱ ጠጅ ቤት ጎራ ማለት ይቻላል፤ ጠጅ ሲጣልና ሲጠለል ለማየት ግን ቀኑን የሚቆርጠው ጋኑ እንጂ እንግዳው አይደለም። ይህን እኔ አውቀው ነበር። የማያውቁት ደብዳቤ የጠየቁኝ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከውጭ አገር ለዕረፍት በመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። በአንድ የባሕር ጠረፍ ላይ አባትና ልጆች የሚያስተዳድሩትን የወይን ጠጅ መጥመቂያ ጎብኝቶ ስለነበር፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ምድር ቤቱና ስለ ቅምሻው አውርቶ አይጠግብም። እኔም የጣና ዳር ልጅ ነኝና ዝም ብዬ መስማት አልሆነልኝም። ዘጌ ላይ ጌሾውን ከራሳቸው ጓሮ እየቆረጡ፣ ከእናታቸው በተረከቡት ጋን ጠጅ የሚጥሉ የቤተሰባችን ወዳጅ አሉ፤ እኛ እትዬ ነው የምንላቸው። እርሱንና ከአዲስ አበባ የመጡ ጥቂት ጓደኞቼን ይዤ ለመሄድ ቃል ገባሁ።

ዘጌ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውኃው የገባ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። በአበው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም መሬቱ በበሬ እንዳይታረስ ስላዘዙ፣ ሕዝቡ ሲኖር የቆየው በደኑ ጥላ ሥር በሚያድገው ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ስለዚህ የጠጁ ግማሽ ነገር እዚያው ከደጃፍ ይገኛል፤ ማሩ ብቻ ከውጭ ይገባል።

እትዬ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው ያጥቡና በወይራ ጭስ ያጥኑታል። ከዚያም አንድ እጅ ማር ከነሰፈፉ በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ይበርዛሉ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ብርዙ መፍላት ሲጀምር ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይገፈፋል። ቀጥሎ የጌሾው እንጨት ተከትክቶ፣ ከብርዙ በተቀነሰ ጥቂት ፈሳሽ ተቀቅሎ ወደ ጋኑ ይመለሳል፤ ቅጠሉ ለጠላ ነው፣ ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው። የተገዛ እርሾ የሚባል ነገር አይገባበትም፤ የሚያፈላው ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ግድግዳ የሚገኘው ነው። ጌሾው ወጥቶ ጠጁ በጨርቅ የሚጠለልበትን ቀን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው፤ ሲሞቅ ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቀዘቅዝ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ጌሾው ከቀኑ በላይ ከቆየ ጠጁ ይመራል፤ ከቀኑ በፊት ከወጣ ደግሞ ለስላሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እትዬ የጣሉት በጥቅምት በተቆረጠ አዲስ ማር ሲሆን፣ ያሰቡትም ለኅዳር ሚካኤል ነበር። ኅዳር 12 ዝክር አለባቸው፤ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። «ኅዳር 10 ጠዋት አጠልላለሁ፤ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ በዚያን ቀን ድረሱ» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቀጠሮ በሕይወቴ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ወደ ጀልባው አስቀድሜ ሄጄ ዋጋ ተነጋገርሁ። ባለጀልባው መዳረሻችን የግለሰብ ቤት መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ለአብያተ ክርስቲያናቱ ትኬት ስላለ ችግር እንደሌለ፣ በቡድን ወደ ሰው ቤት ለሚደረግ ጉብኝት ግን የትብብር ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ፣ አለበለዚያ እርሱም እኔም እንደምንጠየቅ ነገረኝ። ማን እንደሚጠይቀን ግን አልነገረኝም። እንግዶቼ ፊት መጨቃጨቅ ስላልፈለግሁ ወደ ተባለው ቢሮ ሄድሁ።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለኝ ወጣት ትሑት ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ቅጽ አውጥቶ መሙላት ጀመረ። «ምንድን ነው የምትጎበኙት?» አለኝ። ጠጅ ሲጠለል እንደሆነ ነገርሁት። እስክሪብቶውን አቁሞ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው፤ የቅርሱ ስም፣ የተመሠረተበት ዘመን፣ የሚያስተዳድረው አካል የሚሉ ክፍት ቦታዎች ነበሩበት። «ይህ ጠጅ ቅርስ ነው ወይስ መጠጥ?» አለ በመጨረሻ። ሁለቱንም ነው ብዬ መለስሁ፤ ሁለቱንም የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። መጠጥ ከሆነ ጉዳዩ የንግድ ስለሆነ መጀመሪያ ከዚያኛው ቢሮ ማረጋገጫ አምጣ፣ ከዚያ ኃላፊው ይፈርሙበታል ተባልሁ። ኃላፊው ስብሰባ ገብተው ነበር፤ ማኅተሙም አብሯቸው ስብሰባ የገባ ይመስል ማንም ሊያገኘው አልቻለም።

ሁለተኛው ቢሮ የጠየቀኝ ደግሞ ፈጽሞ ያልጠበቅሁትን ነው። ባለቤቷ የንግድ ፈቃድ አላት ወይ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯ ስንት ነው፣ በዓመት ስንት ጋን ትጥላለች? ዝክርና ማኅበር ሲደርስ የሚጥሉ፣ የተረፋቸውን ለጎረቤትና ለመንገደኛ በሊትር የሚሸጡ እናት መሆናቸውን፣ እኔም ሂሳባቸውን ልመረምር ሳይሆን የእጃቸውን ሥራ ለማየት እንግዳ ይዤ መሄዴን አስረዳሁ። ሠራተኛዋ የምናገረውን ሁሉ ጻፈች። ስማቸውንና መንደራቸውን ስትጠይቀኝ፣ ለደብዳቤው ነው ስላለችኝ ነገርኋት። «ነገ ተመለስ» አለችኝ።

በነጋታው ስመለስ ኃላፊው አሁንም ስብሰባ ላይ ነበሩ። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ናቸው። ደብተር የያዘ ሰው ግቢያቸው ገብቶ ጋን ሲቆጥር እንደነበር ነገሩኝና፣ «ልጄ፣ እንግዳ አመጣለሁ ያልኸኝ መዝጋቢውን ነው እንዴ?» አሉኝ። እንደዚያን ቀን ያፈርሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሰውየው ቆጥሮ፣ ጽፎ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ያስከተለው ነገር የለም። ያን ዕለት ግን ይህን ማን ያውቃል? እትዬ ጋኑ ይወሰድብኛል ብለው ፈርተው በዚያው ምሽት፣ ቀኑ ሳይደርስ፣ በኩራዝ ብርሃን አጠለሉት።

ለሚካኤል ዝክር የቀረበው ጠጅ እንግዲህ ያልደረሰ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች በጨዋነት ጠጡ፤ «ዘንድሮ ለስላሳ አድርገሽዋል» ያሉ ነበሩ። በዕድሜያቸው ሁሉ ለዚህ ዝክር ደረቅ ጠጅ ሲያቀርቡ ለኖሩ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደብዳቤ የጠየቁኝ ሰዎች ይህን ጉዳት በየትኛው ቅጽ ላይ እንደሚመዘግቡት አንድ ቀን ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል።

ደብዳቤው ከበዓሉ ማግስት ተፈርሞ ወጣ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፤ ጠጅ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም፤ «ለባህላዊ እሴት ምልከታ ትብብር እንዲደረግላቸው» የሚል ነው። ይዘነው ሄድን። ባለጀልባው አላየውም፣ ዘጌ ወደቡ ላይም የጠየቀን ሰው አልነበረም።

እትዬ ግን ያው እትዬ ናቸው፤ ቂም አልያዙብንም። የማጥለያው ቀን ቢያመልጠንም ለገና ብለው አዲስ የበረዙት ሁለተኛ ጋን ነበራቸውና ሰፈፉ ሲገፈፍ ደረስን። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቢጫውን ሰፈፍ ከነአረፋው በመዳፋቸው እያንሳፈፉ ወደ ጋኑ አፍ ጠርዝ ይገፉታል፤ ጨመቅ ሲያደርጉት ብርዙ በጣቶቻቸው መካከል ተመልሶ ይወርዳል፣ ሰፈፉ ብቻ እጃቸው ላይ ይቀራል። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ አልወደቀችም። ከዚያ የአክስቴን ልጅ ጠሩና ጆሮውን ጋኑ ሆድ ላይ እንዲያደርግ አዘዙት። ውስጡ ሳያቋርጥ ይንሾካሾካል። የወይን በርሜሎቹን ሲያወድስ የከረመው ሰውዬ ጎንበስ እንዳለ ብዙ ቆየ፤ ስለ ምድር ቤቱም ከዚያ ወዲህ አላነሳም። ይህን በኩራት ነው የምጽፈው።

እንግዲህ እኔ የምመክረው ወደቡ ላይ ከሚነገራችሁ ጋር አይገጥምም። የጠጅ ጣይዋን ስምና መንደር ለየትኛውም ቢሮ አትስጡ። በቀጥታ ለቤቱ ደውሉና «መቼ ይጠለላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተባላችሁበትን ቀን ሌላ ጉዳያችሁን ሰርዛችሁም ቢሆን ጠብቁ። ብዙ ሆናችሁ አትሂዱ። ለባለጀልባው መዳረሻችሁ እዚያው ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ንገሩ፤ ይህ ውሸት አይሁን፣ በእርግጥ ገብታችሁ ትኬት ቁረጡ፣ የግድግዳው ሥዕሎች ብቻቸውን መንገዱን የሚያስኬዱ ናቸው። ከዚያ በደኑ ውስጥ በእግር ወደ ቤቱ መድረስ ይቻላል። ባለጀልባዎች ክብራን ገብርኤልንም ልጨምርላችሁ ይላሉ፤ ወደ ገዳሙ ሴት ስለማይገባ ሴት እንግዳ ካላችሁ ውኃ ዳር ቆማ ትጠብቃችኋለች። ከሰዓት በኋላ ሀይቁ ስለሚነፍስ በጠዋት ተነሡ።

ስጦታ ከፈለጋችሁ ማር አትውሰዱ፤ የገበያ ማር ስኳር ይኖረዋል ብለው አያምኑትም፣ እውነታቸውን ነው። ጤፍ ውሰዱ፤ ዘጌ እህል አያርስምና ጤፍ ያስደስታል። ጠጁን በሊትር ዋጋ ጠይቃችሁ በግልጽ ክፈሉ፤ ብር አጣጥፎ ትራስ ሥር መወሸቅ ሰውን ማሳፈር ነው። ባዶ ሆዳችሁን ብርሌ አታንሡ፣ ቅምሻውንም ከብርዝ ጀምራችሁ ወደ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ወደ ደረቁ ሂዱ፤ ከደረቁ ከጀመራችሁ የቀሩት ስኳር ውኃ ይመስሏችኋል። ይዛችሁ የምትመለሱ ከሆነ ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉ፣ ክዳኑን ላላ አድርጉት፣ ጀልባው ላይም ቀጥ ብሎ እንዲቆም በእግራችሁ መካከል ያዙት፤ ጠጁ ቤት እስኪደርስ መፍላቱን አያቆምም።