ከታች ሩጫ፣ ከላይ ሹክሹክታ፦ የኒውጂንስ «ጌት አፕ» አልበም የሙዚቃ ስልት

«ጌት አፕ» ስድስት ዘፈን ይዞ ጠቅላላ ርዝመቱ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ቃኝቶ፣ የገባውን እንግዳ ሁሉ አወድሶ፣ ወደ ዋናው ጨዋታ ሳይገባ አልበሙ ያልቃል። የደቡብ ኮሪያው የሴቶች ፖፕ ቡድን የኒውጂንስ አምስት ልጆች፣ ሚንጂ፣ ሃኒ፣ ዳኒኤል፣ ሄሪንና ሄይን፣ ሐምሌ 14 ቀን 2015 (በፈረንጆቹ ጁላይ 21 ቀን 2023) ሲያወጡት ብዙ ሰው «ለጆሮ ቀለል ይላል» ብሎ አለፈው። ይቀልላል፤ ግን ቅለቱ ታስቦበት የተሠራ ነው። ከታች ያለው ምት ይሮጣል፣ ከላይ ያለው ድምፅ ግን አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ እንደሚያወራ ሰው ነው። የአልበሙ ስልት ያለው በሁለቱ መሃል ባለው ርቀት ላይ ነው። በኪቦርድም ሆነ በዳንስ ሊሠሩት የሚሞክሩ የከተማችን ልጆች የሚስቱትም እዚሁ ላይ ነው፤ ድምፁን ያጮሁታል ወይም ምቱን ያረጋጉታል፣ ርቀቱ ይጠፋል።

መጀመሪያ ስለ ማዳመጫ። ይህን አልበም በስልክ ስፒከር የሰማ ሰው ግማሹን አልሰማም። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በጣም አሳንሶ ነው የሚያወጣው፤ ቤዙ ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ተቃራኒው ይሆናል፤ ቤዙ እስከ ጥግ ስለሚከፈት ኪኩ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ሁሉን ይውጠውና ሃይ-ሃቱ (ቀጭኑ የጽናጽል ድምፅ) እና የልጆቹ ትንፋሽ ይጠፋሉ። ርካሽም ቢሆን ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥም ኢርፎን ከሁለቱም ይሻላል። ካልገጠመ ቤዙ በክፍተቱ ያመልጣል፤ ጎማውን በጆሯችሁ ልክ ቀይሩት። የስልኩን ኢኳላይዘርም አጥፉት። በተለይ «ቤዝ ቡስት» የሚባለው ኪኩንና ቤዙን ያጣብቃቸዋል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ለያይተን መስማት ነው።

አሁን ወደ «ሱፐር ሻይ»። ፍጥነቱ በደቂቃ 150 ምት ነው፤ ለስሌት የሚመች ቁጥር። አንዱ ምት 400 ሚሊሰኮንድ ይሆናል፣ ለአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ክፋይ ልክ 100። እያንዳንዱን ምት በእግራችሁ ልምታ ብትሉ ቶሎ ትደክማላችሁ። አሁን አንዱን እየዘለላችሁ ምቱ፤ 75 ሆነ፣ የለስላሳ ዘፈን ፍጥነት። ቃላቱ ቶሎ ቶሎ ቢወጡም ዜማው የሚተነፍሰው በዚህኛው ነው፤ ከበሮው ግን በእጥፍ ይሮጣል። ግጥሙ የሚያወራው ስሜቷን ለመናገር ስላፈረች ልጅ ነው። ልብ እየደለቀ አፍ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል ቅንብሩ ሳይናገር ያሳየዋል።

ለጎንደር ጆሮ ይህ እንግዳ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በኛ ዘንድ ሙቀት የሚመጣው በፍጥነት ነው። በአቋቋም ትምህርት ስሟ በገነነ ከተማ ከበሮው ከረጋው መረግድ ወደ ፈጣኑ ጽፋት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ያልሰማ የለም፤ የሰርግ ቤት ከበሮም ማብቂያው ላይ ከመነሻው ይፈጥናል። «ሱፐር ሻይ» ግን ከመጀመሪያዋ ሰኮንድ እስከ 2 ደቂቃ ከ34 ሰኮንዱ ድረስ 150 ላይ ነው፤ አንዲት ምት አይጨምርም። ሙቀቱ የሚመጣው መሣሪያ በማውጣትና በመመለስ ነው። ኪኩ ይወጣል፣ ድምፁና ኮርዱ (ከስሩ አብረው የሚመቱት ድምፆች) ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ከጥቂት ምት በኋላ ኪኩ ሲመለስ ዘፈኑ የፈጠነ ይመስላል። ስለዚህ ስታዳምጡ የገባውን ሳይሆን የወጣውን መሣሪያ እየጻፋችሁ አዳምጡ። አንዴ ለኪክ ብቻ፣ አንዴ ለቤዝ ብቻ፣ አንዴ ለሃይ-ሃት ብቻ። ዘፈኖቹ አጫጭር ስለሆኑ አይሰለችም።

ብዙ ማብራሪያ የሚፈልገው ኪኩ ነው። በአልበሙ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ጀርዚ ክለብ የሚባለው አካሄድ ነው፤ ኒው ጀርዚ ውስጥ ኒውአርክ ከተማ ላይ ከባልቲሞር ክለብ የወጣ የዳንስ ምት። መለያው በአንድ ባር (በአራት ምት) ውስጥ አምስት ኪክ መኖሩ ነው። ባሩን ለ16 ክፋዮች ብትከፍሉት ኪኩ 1ኛው፣ 5ኛው፣ 9ኛው፣ 12ኛውና 15ኛው ላይ ያርፋል፤ ክላፑን (ጭብጨባውን) 5ኛውና 13ኛው ላይ አድርጉት። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ያለው ሰው 16ቱ ሳጥኖች ፊቱ ላይ ናቸው፤ ኮምፒዩተር የሌለው ባንድላብ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ይሠራዋል። ፍጥነቱን 135 ላይ አድርጋችሁ አስጀምሩት፤ ሌላ ምንም ሳትጨምሩ የምታውቁት ስሜት ይመጣል።

እዚህ ላይ የኛ ጆሮ ይታለላል። የባሩ የመጀመሪያ አጋማሽ 4 እና 4 ነው፣ ሁለተኛው 3፣ 3 እና 2። በችክችካ ያደገ ጆሮ ሁለቱን ሦስቶች ሲሰማ ሦስተኛ ሦስት ይጠብቃል፤ የሚመጣለት ግን ሁለት ነው፣ ባሩም ይዘጋል። እስክስታ የለመደ ትከሻ ሦስት ሦስቶቹን ቀጥ አድርጎ ይይዛቸውና ሁለቱ ላይ ሲደርስ ይደናበራል። ይህን በማየት «ምቱ የኛው ነው» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ችክችካ የሚሄድበት ስድስት ስምንተኛ ሁልጊዜ ለሦስት ይከፈላል፣ ይህኛው በመጨረሻ ስምንት ሞልቶ ወደ አራት ቤት ይመለሳል። ለማረም በአፍ መቁጠር ነው፦ አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት። «አንድ» በተባለ ቁጥር አጨብጭቡ። በ80 ፍጥነት ጀምሩ፣ ሳትሳሳቱ ስምንት ባር ከሄዳችሁ አሥር አሥር እየጨመራችሁ ውጡ። በቀጥታ 135 ላይ የጀመረ ሰው ሦስቶቹን አፍጥኖ ሁለቱን ያስረዝማል፤ ያ ልማድ ከያዘ በኋላ ለመላቀቅ ከባድ ነው።

ሌላው ችግር የኪኩ ጭራ ነው። በ135 ፍጥነት አንዱ ክፋይ 111 ሚሊሰኮንድ ነው፤ ከ15ኛው ኪክ እስከ ቀጣዩ ባር መጀመሪያ ያለው 222 ብቻ ነው። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ኪክ ግማሽ ሰኮንድ የሚያስተጋባ ከሆነ ጭራው በሚቀጥለው ኪክ ላይ ይተኛና ሁሉም ይደፈርሳል። ጭራውን ከ180 ሚሊሰኮንድ በታች ቁረጡት። ቤዙንም ኪኩ በሚመታበት ቅጽበት ዝቅ እንዲል አድርጉ፤ ሳይድቼይን የሚባለው ነው። «ሱፐር ሻይ» ላይ ደግሞ ክፋዩ 100 ስለሆነ ቦታው ከዚህም ይጠባል። ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባለው ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ 170 ገደማ፣ ጀርዚ ክለብ ከ130 እስከ 140 የሚሄዱ ናቸው፤ ዘፈኑ ሁለቱን ያዳቀለው መሃላቸው 150 ላይ ቆሞ ነው። አቀናባሪዎቹ ከበሮውን ቀጭንና ደረቅ ያደረጉት ያለምክንያት አይደለም፤ ወፍራም ከበሮ እዚህ ፍጥነት ላይ አይገባም።

«ኩል ዊዝ ዩ» ሌላ ቤት ነው፤ የእንግሊዝ ጋራዥ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ፣ ከዚያም ውስጥ ቱ-ስቴፕ የሚባለው ዓይነት። ስኔሩ (ስለታሙ የከበሮ ድምፅ) እንደተለመደው 5ኛውና 13ኛው ላይ ነው፤ ኪኩ ግን 1ኛው ላይ ከመታ በኋላ ሁሉም የሚጠብቀውን 9ኛውን ይዘለዋል። ሰውነት የሚጠብቀው ምት ሲቀር ዘፈኑ የሚንሳፈፍ ይመስላል። የሃይ-ሃቱ ስዊንግም፣ ማለትም ሁለተኛውን ክፋይ ትንሽ ማዘግየቱ፣ ወሳኝ ነው። 50 በመቶ ማለት ክፋዮቹ እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ለዚህ ስልት ከ55 እስከ 60 መሃል ይበቃል። የሰርግ ኪቦርድ የለመደ እጅ ግን ሳያውቀው ያበዛዋል፤ 66 ላይ ሲደርስ ንጹሕ ሦስትዮሽ ይሆናል፣ ያኔ ቱ-ስቴፑ ሄዶ ችክችካ ገብቷል። በተቃራኒው ሁሉንም ኖታ በኳንታይዝ (ኖታን ወደ ሳጥኑ መስመር በሚስበው ትእዛዝ) ቀጥ ያደረገ ሰው የሞባይል ጥሪ ነው የሚያገኘው።

«ኢቲኤ» ከስድስቱ በጣም ጯሂው ነው፤ ጥሩምባ የሚመስለው ድምፅ እየተመላለሰ ዘፈኑን ይነዳዋል። ጓደኛዬ ሆይ፣ ፍቅረኛሽ እዚህ ግብዣ ላይ ከሌላ ጋር ነው፣ ቶሎ ድረሺ የሚል ወሬ ስለሆነ ጩኸቱ ቦታው ነው። ይህን የሠራው 250 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ኮሪያዊ አቀናባሪ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በፈረንጆቹ 2022 «ፖንግ» የሚል የራሱን አልበም አውጥቶ ነበር፤ በ2023 የኮሪያ ሙዚቃ ሽልማት የዓመቱ አልበም የተባለው እሱ ነው። አልበሙ የሚመረምረው ትሮትን ነው፣ የኮሪያ ሽማግሌዎችና የረጅም መንገድ ሾፌሮች የሚወዱትን አሮጌ ዘፈን። የማይነር ትሮት ቅኝት በኪቦርድ ሲመታ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው። ይህ የኛው ትዝታ ማይነር ነው፣ አንድም ድምፅ ሳይጎድል። አንዳንድ የኮሪያ አሮጌ ዘፈን ሲከፈት «ይህንን የት ነው የማውቀው?» የሚያሰኘው ይኸው ነው፤ ሁለቱ ሕዝቦች ተቀዳድተው ሳይሆን አምስቱ ድምፆች አንድ ስለሆኑ።

ግን ይህን ይዞ «ጌት አፕ» ውስጥ ትዝታን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ዜማዎቹ የአር ኤንድ ቢ ናቸው። የአር ኤንድ ቢ ዘፋኞች አዘውትረው የሚመላለሱበት ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው ለባቲ ማይነር ነው። ባቲን በማሲንቆ የሚጫወት ሰው ብዙዎቹን ሀረጎች ጣቱን ሳያስቸግር ያገኛቸዋል።

ያገኛቸዋል እንጂ አይጣፍጡለትም። የአዝማሪ ዜማ ብቻውን እንዲቆም የተሠራ ነው፤ ማሲንቆው አንድ ጅማት ይዞ ዘፋኙን እየተከተለ ያስጌጣል፣ ከስር ኮርድ የለም። የ«ጌት አፕ» ዜማ ግን ጥቂት ድምፆች ላይ ይመላለሳል፣ ቀለሙን የሚቀይሩት ከስሩ የሚፈራረቁት ኮርዶች ናቸው፤ በአብዛኛው ሰባተኛና ዘጠነኛ ድምፅ የተጨመረባቸው። ላ ላይ የቆመች ድምፃዊት ከስሯ ፋ ሜጀር ሰባት ሲመታ ብርሃን ይመስላል፣ ሬ ማይነር ሰባት ሲመጣ ያው ላ ይጨልማል። ስለዚህ በማሲንቆ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ኮርዱን የሚይዝ ኪቦርድ ወይም ጊታር ይጨምር፤ ሦስት ድምፅ ብቻ ያለውን ተራ ኮርድ ሳይሆን ሰባተኛውን ይዞ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ተራውን ሜጀርና ማይነር ከመታው ዜማው ወዲያው የልጆች መዝሙር ይሆናል።

ከስድስቱ በአራቱ ድርሰት ላይ ኤሪካ ደ ካሲየር አለችበት፤ ፖርቱጋል ተወልዳ ዴንማርክ ያደገች፣ በራሷ ሥራም በዝግታና በትንፋሽ የምትዘፍን ሙዚቀኛ። የድምፁ አካሄድ ከእሷ ጋር በጣም ይሄዳል። የድሮውን የኮሪያ ፖፕ የሚያውቅ ሰው ዘፈኑ መጨረሻ ላይ አንዷ ወጥታ ከፍ ያለውን ድምፅ እንድትጮኸው ይጠብቃል፤ እዚህ ያ ቦታ የለም፤ እኔ እንደሚመስለኝ የአልበሙ ድፍረት እሱ ነው። ይህን ድምፅ መቅዳት የፈለገ ከማይኩ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ርቆ በንግግር ኃይል ይዝፈን፣ ጌኑን (ማይኩ ድምፅ የሚቀበልበትን መጠን) ከፍ ያድርግ። ጌን ሲጨምር ግን የክፍሉም ድምፅ አብሮ ይመጣል፤ የብሎኬት ግድግዳ ያስተጋባል። ከዘፋኟ ጀርባ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በገመድ መስቀል ብዙ ይረዳል፤ ከጀርባ የምለው ማይኩ የሚያየው ወደዚያ ስለሆነ ነው። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ትንፋሹን አትቁረጡ! የ«ስ» እና የ«ሽ» ፉጨት ከበዛ ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ያለውን ፉጨትን በሚያሳንሰው ዲኤሰር አስታግሱ። ሪቨርብ (ማስተጋቢያው) ትንሽ፣ ኦቶቲዩን (ድምፅን የሚያቃናው) ደግሞ እስኪሰማ ድረስ አይሁን።

የአልበሙ ስም የተወሰደበት «ጌት አፕ» 36 ሰኮንድ ብቻ ነው፣ ብዙም የሚባልለት የለም፤ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነው። መክፈቻው «ኒው ጂንስ»ም 1 ደቂቃ ከ48 ሰኮንድ ነው፣ ጥሩ ሐሳብ ሳይጨርስ የተነሣ ይመስለኛል። «ኤኤስኤፒ» ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ሆኖ ሳለ ከሁሉ ይልቅ ባዶ ቦታን የሚጠቀመው ዘፈን ነው፤ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወርዶ ከበሮው ሳይሸፍነው ይሰማል። ማጥናት ለሚፈልግ ከሱ ይጀምር፤ ጥቂት መሣሪያ ስላለ ለያይቶ መስማት ይቀላል።

ለዳንስ ቡድኖች አንድ ነገር። የ«ሱፐር ሻይ» ዳንስ ዋኪንግ ከሚባለው የክንድ ስልት የተወሰደ ነው፤ ክንዱ ከትከሻ በላይ ይሽከረከራል፣ ትከሻው ራሱ ግን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እስክስታ የለመደ ሰው ትከሻውን አብሮ ያነሣዋል፣ ክንዱ ያጥራል፣ 150 ላይም ይዘገያል። በመስታወት ፊት ሁለቱን ትከሻዎች ጓደኛ ይዞላችሁ ክንዱን ብቻ በ75 ቁጥር ተለማመዱ፣ እግሩን በኋላ ጨምሩ። አደባባይ ላይ በትልቅ ስፒከር የምታቀርቡ ከሆነ ደግሞ ከስፒከሩ 17 ሜትር የራቀ ሰው ድምፁን 50 ሚሊሰኮንድ ዘግይቶ ነው የሚሰማው፤ ይህ በዚህ ዘፈን የክፋዩ ግማሽ ነው። ከኋላ የሚቆሙት ልጆች ከፊት ካሉት ወደኋላ የሚቀሩት ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ አንድ ትንሽ ስፒከር ከጎናቸው አስቀምጡላቸው።