ቡፌው ከወጣ በኋላ

መጀመሪያ ይሄን ልናገርና ይውጣልኝ፣ ቡፌው የወጣው ግድግዳ ለማስቀባት ነው እንጂ ሚኒማሊስት (ጥቂት ዕቃ ብቻ ይበቃኛል ባይ) ልሁን ብዬ አይደለም። ከኋላው እርጥበት ገብቶ ቀለሙ መላጥ ሲጀምር ወንድሜ መጣና እየጎተትን እያንፏቀቅን ኮሪደር ላይ አቆምነው። የሁለት ቀን ሥራ ነው የተባለው ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ ቀለም ቀቢው ዛሬ ነገ ሲለኝ እኔ ደግሞ ባዶውን ግድግዳ ለመድኩት። መልመድ ብቻም አይደለም፣ ማታ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ጋ ሆነ። ለካ መብራት ግድግዳዬ ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም፣ ስንት ዓመት ሙሉ የማንጠጣባቸው ብርጭቆዎች ላይ ነው ሲያብረቀርቅ የኖረው። ቀለሙ ደርቆ ወንድሜ "በይ እንመልሰው" ሲለኝ "ትንሽ ይቆይ" አልኩት። ቆየ ቆየና ተሸጠ።

ምንጣፉ ላይ አራት ጉድጓድ ትቶልኝ ሄዷል። በእንፋሎት ካውያ ሞከርኩ፣ በብሩሽ ሞከርኩ፣ ትንሽ ቀና ይሉና በነጋታው ተመልሰው ይተኛሉ።

ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና "አንቺ፣ ቤት እየለቀቅሽ ነው እንዴ?" አለችኝ፣ የምሯን ነው ደግሞ። እኔም መልስ አጣሁ። አሁን ፋሽን ነው ልበላት? ፋሽን ስለሆነ አይደለማ።

ከዛ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ማታ ማታ ስለ ፈርኒቸር ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) የገረመኝ ነገር፣ ይሄ አሁን ስልካችን ላይ የሚመላለሰው ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ተክል የሚባለው ነገር ሲጀመር ብዙዎቹ "ያምራል" ብለው አይደለም የጀመሩት። አንዱን ጭነት ቸግሮት ነው፣ አንዱ ሃይማኖቱ ስለከለከለው ነው፣ አንዱ ጠረጴዛው መኪና ውስጥ አልገባ ብሎት ነው።

ሼከር የሚባሉት አሜሪካ ውስጥ የነበሩ ሃይማኖተኞች ለምሳሌ ጌጥን እንደ ከንቱ ነገር ነበር የሚያዩት፣ ስለዚህ ወንበራቸው ላይ ጥቅም የሌለው ነገር አይጨምሩም። ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ዙሪያውን የእንጨት መስቀያ አለ፣ ወለል ሲጠርጉ ወንበሩን አንስተው እዛ ይሰቅሉታል፣ ያውም ገልብጠው፣ መቀመጫው አቧራ እንዳይዝ። አንዳንዱ ወንበር ደግሞ የኋላ እግሮቹ ጫፍ ላይ በማቀፊያዋ ውስጥ የምትዞር ትንሽ የእንጨት ኳስ አለችው፣ ሰው ወደ ኋላ ሲንጋለል እግሩ ወለሉን እንዳይጭር። እዚች ኳስ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ፣ እነዛ ኮስታራ ሰዎች ለካ እንደ ተማሪ ወንበር ያንጋልሉ ነበር። ልማዱን ከመከልከል ኳስ መሥራት ቀሏቸዋል።

ሚካኤል ቶኔት የሚባለው የፈርኒቸር ሠሪ ደግሞ ነጋዴም ነበር። 1859 ላይ ያወጣው ቁጥር 14 የሚባለው ወንበር (ሁላችንም አንድ ካፌ ውስጥ ሳናየው አንቀርም፣ መደገፊያው በሁለት የታጠፈ ክብ እንጨት የሆነው) ቢች የሚባል እንጨት በእንፋሎት እያለሰለሱ በማጉበጥ የሚሠራ ነው። ጠቅላላው ስድስት እንጨት፣ አስር ብሎን፣ ሁለት ዳዶ። በቃ። ተፈታቶ ሲታሸግ 36 ወንበር አንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ የሚገጣጠመው የደረሰበት ቦታ ነው። ቅርጻ ቅርጽ ቢኖረው ኖሮ እንዲህ አይታሸግም ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ 1956 ላይ፣ አይኬያ የሚባለው የስዊድን የፈርኒቸር ድርጅት ውስጥ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ሲል እግሩን ፈተው ከስሩ አሰሩትና ዛሬ ሁላችንንም ወለል ላይ በካቻቪቴ የሚያስለቅሰን ካርቶን ከዛ መጣ።

ባውሃውስን ሁሉም ያወራዋልና አላረዝመውም፣ 1919 ቫይማር ላይ ተከፍቶ 1933 በናዚ ጫና የተዘጋው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። እዛ ማርሴል ብሮየር የሚባል ዲዛይነር የብስክሌቱን መሪ አይቶ ብረት እንዲህ ከታጠፈ ወንበር ለምን አይሆንም አለ፣ 1925 አካባቢ ከብረት ቱቦ ወንበር ሠራ። ሐሳቡ ለፋብሪካ የሚመች፣ ለብዙ ሰው የሚደርስ ዕቃ ነበር። እሺ። ግን ወዲያው 1929 ላይ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮህና ዲዛይነሯ ሊሊ ራይሽ ባርሴሎና ለነበረው ኤግዚቢሽን የሠሩት ወንበር የስፔን ንጉሥና ንግሥት ሲመጡ እንዲኖር የታሰበ ነው፣ ዛሬም ዋጋው የሚያስደነግጥ። ቀላል የሚመስል ነገር እንዴት ውድ ይሆናል እያልኩ እናደድ ነበር፣ የራሴን መደርደሪያ እስካሠራ ድረስ።

ዝቅ ያለች፣ ረዘም ያለች፣ እጀታ የሌላት ሁለት መሳቢያ ያላት መደርደሪያ ነው ያዘዝኩት። ሥዕሉን ሳሳየው አናጢው "ይቺማ ምን አላት" ብሎ ተዋዋለኝ። ልወስድ ስሄድ ግን ላብ በላብ ሆኖ የግራውን መሳቢያ ለሦስተኛ ጊዜ እየላገ አገኘሁት። "እህቴ፣ ቅርጻ ቅርጽ ያለውን ብታሠሪኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ። ለምን ስለው በጣቱ መሳቢያው ዳር ያለውን ክፍተት አሳየኝ፣ ከላይ ሁለት ሚሊ፣ ከታች አምስት። ቡፌ ላይ ቢሆን እዛ ጋ አንድ ጌጥ ይለጠፍበትና አለቀ። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ያ ሁሉ ዳር ዳሩን የሚዞረው ጌጥ ለካ ግማሽ ሥራው መጋጠሚያውን መደበቅ ነው። የኔዋ ግን ምንም መደበቂያ የላትም። ሁለት ቀጥ ያለ መስመር ጎን ለጎን ስታስቀምጪ አንዱ ትንሽ ከዞረ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ያቺ ክፍተት አሁንም አለች፣ ሦስት ሚሊ ሆናለች። ዓይኔ በቀን አስር ጊዜ ይሄድባታል። ቡፌው ስንት ጉድለት ነበረበት ይሆን፣ አንዱንም አላውቀው!

ግን ወደድኳት። ለምን እንደሆነ ለመናገር ስሞክር የሚመጣልኝ ከሷ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ጧት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ እየተንሸራተተች ትመጣና መደርደሪያዋ ጋ ስትደርስ ትሰበራለች፣ ይሄን ለማየት ስል ለሥራ ያረፈድኩበት ቀን አለ። ጽዳቱም ቀላል ነው፣ አንዴ በጨርቅ ማለፍ። ዶናልድ ጀድ የሚባለው አሜሪካዊ አርቲስት፣ ሚኒማሊስት ሲሉት የማይወደው ሰውዬ፣ ቴክሳስ ውስጥ ማርፋ የምትባል ትንሽ ከተማ ሲገባ ደህና ዕቃ አጥቶ ከጣውላ አልጋና ጠረጴዛ ራሱ ሠርቷል፣ ግን ወንበር ወንበር ነው፣ ሥነ ጥበብ ሌላ ነው ባይ ነበር። እኔም መደርደሪያዬን እንደ ሥዕል ቆሜ ሳያት እሱ ትዝ ይለኛልና አፍሬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ፎቶ ላይ የማይታየው ነገር ብርጭቆዎቹ ናቸው። አልጋ ስር ሦስት ካርቶን ሆነው ተቀምጠዋል፣ አልተጣሉም አልተሰጡም። ባለፈው እሑድ ያቺው ጓደኛዬ ሌሎች ሰዎች ይዛ መጣች፣ ኩሽና ያሉት አልበቁንም፣ ተንበርክኬ ካርቶን ስጎትት በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ "እና ቡፌው እዚህ ገብቶ ነዋ" አለች። ዝም ብዬ ብርጭቆ አቀበልኳት። መደርደሪያዋ ከአራቱ ጉድጓድ ሁለቱን ሸፍናለች፣ የቀሩትን ሁለቱን በባዶ እግሬ ሳልፍ አሁንም እረግጣቸዋለሁ።