እርሳስን ከፒቪሲ ቧንቧ ያወጣንበት መንገድ

የምመራው ፋብሪካ ለመጠጥ ውኃና ለፍሳሽ የሚያገለግል የፒቪሲ ቧንቧ ያመርታል። አገራችን የራሷ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ስለሌላት ሬዚኑ፣ ማለትም የፒቪሲው ጥሬ ዱቄት፣ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ከክብደቱ 57 በመቶ ያህሉ ከጨው የሚገኝ ክሎሪን፣ ቀሪው ከነዳጅ ዘይት ወይም ከተፈጥሮ ጋዝ የሚመነጭ በመሆኑ የነዳጅ ገበያ ሲናወጥ የእኛም ወጪ አብሮ ይናወጣል። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ሲታከልበት፣ የሚሠራ ቀመር መንካት ለብዙዎቹ ባልደረቦቼ እብደት መስሎ ታያቸው። እኔ ግን ልቀይር የተነሣሁት ማንም የማይጠይቀውን፣ እርሳስ ከሚባለው መርዛማ ብረት የተሠራውን ማረጋጊያ ነበር።

ፒቪሲ ያለ ማረጋጊያ ሙቀት አይችልም። ቧንቧ በሚወጣበት፣ ወደ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሃይድሮጂን ክሎራይድ እየለቀቀ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። የእርሳስ ውሁዶች ይህን አሲድ አጥብቀው ስለሚይዙና ርካሽ ስለሆኑ ለረጅም ዘመን ተወዳጅ ሆነው ኖረዋል። የአውሮፓ አምራቾች ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2015 መጨረሻ በገዛ ፈቃዳቸው ትተዋቸዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለሚገኝ እርሳስ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከውኃው ተጠቃሚ እኩል ያሳሰቡኝ ዱቄቱን እየመዘኑ ወደ ሚክሰር የሚጨምሩት፣ አቧራውንም በየፈረቃው የሚተነፍሱት ሠራተኞች ነበሩ።

ምትኩ የካልሲየምና የዚንክ ማረጋጊያ በኪሎ ዋጋው ከእርሳሱ ይበልጣል። ባለአክሲዮኖቹን በጤና ክርክር ብቻ ማሳመን እንደማይቻል ስለማውቅ፣ የዓለም ገበያ ከእርሳስ እየራቀ ሲሄድ አሮጌውን ዕቃ በፈለግነው ጊዜ ላናገኘው እንደምንችል አስረዳሁ። አዲሱን ማረጋጊያም ከመደበኛው ግዥ ጋር በአንድ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ግዥ በሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) አስገባን፤ ለብቻው ወረፋ ቢይዝ ኖሮ ሐሳቡ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

ከባዱ ነገር ማሽኑ ላይ ጠበቀን። እርሳስ አሲዱን ሲይዝ የሚፈጠረው ክሎራይድ በፒቪሲው ላይ ጉዳት የለውም፤ ዚንክ ክሎራይድ ግን ራሱ መበስበሱን ያፋጥናል፣ ካልሲየሙና ረዳት ውሁዶቹ ካልደረሱለትም ቁሱ ያለ ማስጠንቀቂያ በድንገት ይጠቁራል። በቀመሩ ውስጥ ያሉት የማለስለሻ ቅባቶች ሚዛንም ስለሚለወጥ ዱቄቱ ወደፊት በሚገፋው የማሽኑ ስክሪው ውስጥ የሚቀልጥበት ቦታ ይዛወራል። አቅራቢው የላከው መመሪያ መነሻ ከመሆን አላለፈም። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ዙሪያ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ የቫኪዩም መለኪያው ለባሕር ዳርቻ ፋብሪካ የተጻፈውን ቁጥር እንዲያሳይ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።) ስለዚህ አንድ አነስተኛ መስመር ብቻ ለይተን፣ ሌሎቹ በአሮጌው ቀመር ገበያውን እየመገቡ እንዲቀጥሉ አደረግን።

ከውሳኔዎቼ ሁሉ ደፋር የምለው ግን የኬሚስትሪ አልነበረም። ማንኛውም ኦፕሬተር የሞተሩ አምፔር ሲዋዥቅ ወይም የቧንቧው ገጽ ሲደበዝዝ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ መስመሩን እንዲያቆም ሥልጣን ሰጠሁ፤ በሙከራው መስመር የሚወጣው ስክራፕም (የተበላሸው ምርት) ከማበረታቻ ክፍያቸው እንዳይቀነስ በጽሑፍ አዘዝኩ። የሒሳብ ክፍሉ በዚህ አልተደሰተም። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ለፈረቃ ኃላፊ እንኳ የማይነገሩ ነገሮች መዝገብ ላይ መስፈር ጀመሩ፦ ማቀዝቀዣው ሚክሰር በደንብ ሳያበርደው የተራገፈ ዱቄት እንደሚጓጉል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስክሪው በሚዞርበት የማሽኑ በርሜል ውስጥ የቀረው ቁስ መጀመሪያ በማጽጃ ውሁድ መገፋት እንዳለበት። የሙቀት ልኩንም ከመሐንዲሶቹ ይልቅ በዕድሜ የገፉት ኦፕሬተሮች ቀድመው አገኙት።

መስመሮቹ ሁሉ ከተቀየሩ በኋላ የቀረብን አሮጌው ስክራፕ ነው። እርሳስ ያለበትን የስክራፕ ፍጭ ከአዲሱ ጋር መቀላቀል የተደከመበትን ሁሉ ስለሚያበላሽ፣ በተለየ ወፍጮ እየተፈጨ፣ ቀለሙ በተለየ ከረጢት እየታሸገ ለኤሌክትሪክ ሽቦ መከለያ ቱቦ ብቻ ይውላል፤ የመጋዘኑም ቁልፍ በጥራት ቁጥጥር ክፍሉ እጅ ነው።