አማቴ፣ ቢጫዋ ትራክተርና የጎረቤቴ ሣር

ባለቤቴ በስሜ መጥራቱን ትታ «ቁራሌው» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ያለ ምክንያት ነው ልል አልችልም፤ ሜሪላንድ ውስጥ የምንኖርበት ቤት ሁለት መኪና የሚይዝ ጋራዥ ቢኖረውም፣ እኛ ከገባን ወዲህ አንድም መኪና አድሮበት አያውቅም። የሚያድሩበት የዛገ ካምቢዮ፣ የላይ ክዳኑ (ቴስታታው) የተነሣ ሞተር፣ በየጣሳው የተጠራቀመ ብሎንና ዳዶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከልጆቼ ቀጥሎ የምሳሳላት አንዲት ቢጫና ነጭ የጓሮ ትራክተር ናቸው። «ከልጆቼ ቀጥሎ» የሚለውን ባለቤቴ አትቀበለውም፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ናት።

የጓሮ ትራክተር ስል ዛሬ በየመደብሩ በር ላይ የሚደረደረውን፣ ሣር ከማጨድ በቀር ሌላ ሥራ የማያውቀውን ስስ ቆርቆሮ ማለቴ አይደለም። የድሮዎቹ በቁመት ያነሱ ይሁኑ እንጂ ማረሻ የሚጎትቱ፣ በረዶ የሚጠርጉ፣ እንጨት የሚስቡ እውነተኛ ትራክተሮች ነበሩ። የእኔዋ ከብ ካዴት 100 ትባላለች። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው የእርሻ መሣሪያ አምራች እ.ኤ.አ. በ1961 የመጀመሪያዋን ከብ ካዴት ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ ከ1963 እስከ 1965 ድረስ ኬንታኪ ውስጥ በምትገኘው የሉዊቪል ከተማ ካመረታቸው መካከል አንዷ ናት። ሞተሯ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ 10 ፈረስ ጉልበት ኮህለር ሲሆን፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማዎቿ የሚደርሰው በቺንጋ ሳይሆን በዘንግና በፍሪሲዮን አልፎ ሦስት የፊት ማርሽ ባለው ካምቢዮ በኩል ነው። ክብደቷ ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ትራክተሯ ተራ የሣር ማጨጃ ብትሆን ኖሮ የጎረቤቴ ግቢ ሣር እንደ ሆነ ይቀር ስለ ነበር ነው።

ያገኘኋት ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ የከብት ጋጣ ጥግ፣ የዶሮ ኩስ ለብሳ ነው። ፒስተኗ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ አልነቃነቅ ብሎ ስለ ነበር፣ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን አደባልቄ እያጠጣሁ በትዕግሥት ጠበቅሁት፤ አንድ ማለዳ የጥፍር ያህል ፈቀቅ ሲል ቤተ ሰቡን በሙሉ ምሳ ጋበዝሁ። ልጆቼ የምን በዓል እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ሻጩ ሰውዬ ደግሞ ለምርቃት አንድ ከኋላ የሚንጠለጠል የብሪንሊ ማረሻ ጨመረልኝ። ብሪንሊ ከ1839 ጀምሮ ማረሻ ሲሠራ የኖረ የዚያው የኬንታኪ ድርጅት ስም ነውና፣ ሁለቱን የአንድ አገር ልጆች መለያየት ነውር መስሎ ስለ ታየኝ ማረሻውን አጽድቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ለጌጥ ያህል ከትራክተሯ ኋላ ገጠምሁት። ለጌጥ ያህል ማለቴ ይሰመርበት።

ሁሉም ነገር ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ግን ትራክተሯ አልነሣም አለች። ካርቡራቶሯን ፈትቼ ዓመታት ያጋገሩትን የቤንዚን ሙጫ አጥቤያለሁ፤ ካንዴላዋም፣ ቦቢናዋም፣ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ብልጭታ የሚያስነሣው ፑንቲናዋም አዲስ ናቸው። ቁልፉ ሲዞር ዲናሞዋ፣ በዚህች ሞተር ላይ ሞተሪኖም ዲናሞም አንድ ዕቃ ነው፣ በደንብ ያሽከረክራታል፤ እሷ ግን አንድ ጊዜ ታስልና ዝም ትላለች። ይህን ሁሉ ጎረቤቴ ከመስኮቱ ሆኖ ይከታተላል። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ፣ ሣሩን ከሰው አስበልጦ የሚወድ ሰው ነው። አጥር የለንም፤ በሰፈራችን ማንም የለውም። የእሱ ሣር ያበቃበትና የእኛ የጀመረበት ቦታ የሚለየው የእሱ አረንጓዴ፣ የእኛ ደግሞ ከእንክርዳድ ጋር የተስማማ በመሆኑ ብቻ ነው። ሲያጭደው አንዱን መስመር ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች እያደረገ ነው፤ የጎዳና ውሻ ቢረግጠው በአበጠሪያ የሚያቀና ይመስለኛል።

አማቴ ከአሰላ የመጡት ለዘመን መለወጫ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአርሲና በባሌ የመንግሥት እርሻዎች ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ኦፕሬተር ስለሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ የቸኮልሁት ትራክተሬን ላሳያቸው ነበር። ሻንጣቸውን እንኳ ሳላስገባ ጋራዡን ከፈትሁት። ጋቢያቸውን አጣፍተው ዞሯት፤ የፊት ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ትራክተር ነው፣ አባባ።»

«እናቷስ የት አለች?»

ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ቤት ገባች። እኔ ግን ተስፋ ሳልቆርጥ ስለ ዘንጓ፣ ስለ ብረቷ ውፍረት፣ ስለ ዕድሜዋ አብራራሁላቸው። በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ ስንት ፈረስ ጉልበት እንዳላት ጠየቁኝ፤ አሥር ናት አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ።

«እኛ ስንነዳት የነበረችው ቤላሩስ 80 ነበረች» አሉ፤ «ትልቁን ሞተር የምታስነሣ፣ በገመድ የምትሳብ ትንሽዬ የቤንዚን ሞተር ነበረቻት። እሷ ብቻዋን አሥር ነበረች። አንተ የገዛኸው ማስነሻዋን ነው፣ ልጄ።»

ይህ ቀልድ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ የሚያሳዝነው ግን ትክክል መሆናቸው ነው። ናዝሬት ላይ ትገጣጠም የነበረችው ቤላሩስ በርግጥም የ80 ፈረስ ጉልበት ነበረች፤ ከዓይነቶቿ መካከልም ናፍጣ ሞተራቸው በባለ 10 ፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር የሚነሣ ነበሩ።

ንቀታቸው ግን ዕረፍት ነሥቷቸው መሰለኝ፣ በማግስቱ ማለዳ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የፑንቲናዋን ክዳን ፈትተዋል። ክብሪት እንዳመጣላቸው አዘዙኝና፣ የክብሪቱን መጫሪያ ጎን ቀድደው በሁለቱ የፑንቲና ጥርሶች መካከል እያስገቡ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት፤ ከዚያም በንጹሕ ወረቀት ጠረጉት። ወረቀቱ ላይ ስስ ቡናማ ቅባት ወጣ። አዲስ ፑንቲና ከመደብር ሲመጣ እንዳይዝግ የሚቀባው ቅባት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እኔ ክፍተቱ ግማሽ ሚሊሜትር መሆን አለበት ብዬ መለኪያ ፍለጋ ዕቃ ስገለብጥ፣ እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱና «በቃ» አሉ። ለካሁት። በቅቶ ነበር። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሯ በመጀመሪያው ዙር ተነሣች፤ የጎረቤቴም መጋረጃ ተነሣ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ባለቤቴ ሌሊት ስትሠራ አድራ ተኝታለች፤ ጎረቤቴ ልጆቹን ሊጠይቅ ሌላ ከተማ ሄዷል። አማቴ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያቀናበርሁት ማታ ላይ፣ ከትልሙና ከዱቄቱ ዱካ ተነሥቼ ነው።

አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን ሲጠጡ የሚያዩት ነገር ሳይከነክናቸው አልቀረም። ከፊታቸው ድንጋይ የሌለው፣ ሜዳማ፣ ዝናብ የማያጣ መሬት ተዘርግቷል፤ በላዩ ላይ ሣር በቅሏል፤ ሣሩን የሚግጥ ከብት ግን የለም። ያውም ሣሩ በየሳምንቱ ታጭዶ በከረጢት ተሞልቶ ይጣላል። በዚያ ላይ ማረሻ ከኋላዋ የተገጠመላት ትራክተር ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። አርባ ዓመት ያረሰ ሰው ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይጠብቃል?

አስነሥተው ወጡ። መጀመሪያ ላይ ጎማዎቿ ጤዛ ባረጠበው ሣር ላይ እየተንሸራተቱ አስቸግረዋቸዋል፤ እንዲህ ያለች ቀላል ትራክተር ስታርስ ከኋላ ክብደት ትፈልጋለችና። ባለሙያ ናቸው፤ ክብደት ፈለጉ። ያገኙት ባለቤቴ ለበዓል እንጀራ ያስቀመጠችውን፣ እያንዳንዱ 25 ፓውንድ የሆነ ሁለት ከረጢት የጤፍ ዱቄት ነው። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ፓራፋንጎ ላይ በገመድ ጠፍረው አሰሩት። የቀኙ ከረጢት ከብሎን ጋር እየተፋተገ ቀስ በቀስ ተቀደደና፣ ትራክተሯ በሄደችበት ሁሉ ቡናማ የዱቄት መስመር እያሰመረ ተከተላቸው። የኋላ ጎማዋን በትልሙ ውስጥ አስገብተው፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከመንገዱ ዳር ጀምረው እስከ ጓሮ ወጡ፤ ተመለሱ፤ ደግመው ወጡ። ወሰን የሚያሳይ አጥር ስለሌለ፣ የእኛ መሬት ባለቀ ጊዜ አላለቀም።

ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ ቤት የሳትሁ መስሎኝ አልፌ ሄጃለሁ። የእኛ ፊት ለፊት በሙሉ፣ የጎረቤቴም እኩሌታ ጥቁር አፈር ሆኗል። ትልሙ ግን፣ መቼም ሐቅ ሐቅ ነው፣ በክር የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ ነበር። አማቴ በመካከሉ ቆመው በሣር መጥረጊያዬ ጓል ይከሰክሳሉ። በወገባቸው የታሰረው የባለቤቴ ሽርጥ ሞልቶ ተንጠልጥሏል፤ ቀረብ ብዬ ሳይ፣ ለመስቀል ጠላ ብቅል ልታበቅልበት ብላ ገጠር ካለ የእህል መደብር የገዛችው ያልተፈተገ ገብስ ነው። አብዛኛው ተዘርቶ አልቋል።

«ትራክተሯ አታሳፍርም» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። እንዲህ ያለ ምስጋና ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ምን ብዬ እቆጣለሁ?

ጎረቤቴ የመጣው በማግስቱ ነው። ከመኪናው ወርዶ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ከዚያ ሣሩ የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ ጥያቄውን ለአማቴ ተረጐምሁላቸው።

«ከሥር ነው በለው» አሉ፤ «ለመሬቱ ፍግ ይሆነዋል።»

ቡናማውን የዱቄት መስመር አይቶ መርዝ መሆኑን ጠየቀ። ዱቄት ነው፣ ያውም ከግሉተን ነፃ የሆነ ዱቄት ነው ስለው ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ፤ ይህ አገር እንዲህ ነው። ለአዲስ ሣር የሚወጣውን እንደምከፍል ቃል ገብቼ፣ የአገሩ ደንብ የማይፈቅደውን ያህል አጎንብሼ አሰናበትሁት። ከቤት ባለቤቶች ማኅበር ደግሞ ደብዳቤ መጣ፦ በመኖሪያ ሰፈር የእርሻ ሥራ ክልክል ስለሆነ፣ መሬቱ በ30 ቀን ውስጥ ወደ አረንጓዴ ሽፋኑ እንዲመለስ ያዝዛል።

እዚህ ላይ ገብሱ ደረሰልን። ሳምንቱ ገና ሞላ ሳይሞላ ከዳር እስከ ዳር ብቅ አለ፤ ቡቃያ ገብስ ደግሞ ከሣር የሚለየው የአርሲ ሰው ሲያየው ብቻ ነው። የማኅበሩ ተቆጣጣሪ በመጣ ጊዜ አማቴ ወደ አሰላ ተመልሰዋል። ሰውዬው በመንገዱ ዳር ቆሞ ተመለከተ፣ ፎቶ አነሣ፣ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ጎረቤቴም አብሮት ቆሞ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ሲሄድ ጠጋ ብሎ የሣሩን ዘር የት እንደምገዛ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። የተቆጣጣሪው ደብዳቤ ግቢው ደንቡን ማሟላቱን አረጋግጦ፣ ቁመቱ ግን ከተፈቀደው ስላለፈ በአስቸኳይ እንዲታጨድ የሚያሳስብ አንድ መስመር ጨምሮበታል።

ስለዚህ ማረሻውን ፈትቼ፣ ከትራክተሯ ሆድ ሥር ማጨጃዋን ገጠምሁ። አልነሣም አለች፤ ክብሪት አመጣሁ፤ ተነሣች። ገብሱን በየሳምንቱ እያጨድሁ ክረምቱ ገባ፤ በጸደይ ደግሞ በላዩ ላይ እውነተኛ የሣር ዘር ተበተነ።

ችግሩ አማቴ ይህን አለማወቃቸው ነው። በየእሑዱ ይደውላሉ፤ የልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ደኅንነት ጠይቀው ሲያበቁ እኔን ያስጠሩኛል። ስለ ትራክተሯ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። «ገብሱስ?» ነው የሚሉኝ። በኅዳር «ፈርጥሟል» አልኋቸው፤ በየካቲት «በረዶውን ችሎታል» አልኋቸው፤ ባለፈው እሑድ ደግሞ «አዘርዝሯል» አልኋቸው። በዚህ ጊዜ ፎቶ ላክልኝ አሉኝ። አርሲም ሆነ ባሌ ያላችሁ፣ ያዘረዘረ ገብስ ፎቶ ያላችሁ ሰዎች ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም፤ ብቻ ከጀርባው የሣር ጎጆም ሆነ የጤፍ ክምር እንዳይታይ፣ ቢቻል ደግሞ ቢጫ ነገር ጥግ ላይ ቢኖርበት ይመረጣል።