ቀለም የሌለው ቅብ እንዴት ያስቸግራል!

ደንበኞቼ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ምንም ያልተቀባ የሚመስለውን ሲኒ ነው። የሸክላው ቅላት እንዳለ ይታያል፤ ሲነኩት ግን ያሙለጨልጫል። ዋጋ ላይ ስንደርስ ታዲያ "ይሄማ ቀለም እንኳ የለው፣ ቀንሺ እንጂ" ይሉኛል። ወይ አለማወቅ!

ግሌዝ፣ ማለትም ሸክላ ላይ ተቀብቶ እቶን ውስጥ የሚቀልጠው ቅብ፣ ባለቀለም ሲሆን ገመና ሸፋኝ ነው። ሰማያዊ ብቀባ የጣቴ አሻራም፣ የስፖንጅ ጭረትም ከሥሩ ይቀራል። ግልጹ ግሌዝ ግን ያለውን ሁሉ አጉልቶ ያወጣል። ወፈር ብሎ ከተቀባ ደግሞ ራሱ ይደፈርስና ቀዩን ሸክላ ነጣ ያለ ጭጋግ ያለብሰዋል።

ግሌዝ ማለት በአጭሩ መስታወት ነው። ዋናው ነገሩ ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ማዕድን) ሲሆን ብቻውን ለመቅለጥ ከ1,700 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ የሚረዳው ቦሮን ያለበት ፍሪት፣ ማለትም አስቀድሞ ቀልጦ የተፈጨ መስታወት፣ ይጨመርበታል። ትንሽ ካኦሊንም፣ ማለትም ነጭ የሸክላ አፈር፣ ይገባበታል፤ ዱቄቱ ባልዲው ሥር እንዳይዘቅጥ ያግዛል። ድሮ በብዙ አገር ማቅለጫው እርሳስ የሚባለው ብረት ነበር። እርሳስ እኔ ቤት አይገባም፤ መርዝ ነው፣ ሎሚን የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ ከግሌዙ ያወጣዋል፤ ሲኒው ሰው ሎሚ ጨምቆ ሻይ የሚጠጣበት ዕቃ ነው።

የምሠራበት አፈር ብረት ስላለበት ከ1,100 ዲግሪ ሲያልፍ ቅላቱ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሬውን 1,060 አካባቢ እተኩሰዋለሁ፤ ግሌዙን ደግሞ 1,000 አካባቢ። የመጀመሪያውን ተኩስ ከ700 እስከ 900 ባለው ላይ ቀስ አደርገዋለሁ። አፈሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ተቃጥሎ የሚወጣው እዚያ ነው። ያኔ ካልወጣ ግሌዙ ከቀለጠ በኋላ ልውጣ ይላል፤ ውጤቱም አረፋና የመርፌ ቀዳዳ ነው።

አቀባቡ ላይ አልቸኩልም። የተተኮሰውን ሲኒ በእርጥብ ስፖንጅ አብሼ አቧራውን አነሳለሁ፤ አቧራ ያለበት ቦታ ላይ ግሌዝ አይዝም። ግሌዙን በወንፊት አጠልላለሁ። ውፍረቱ እንደ ትኩስ ወተት ሲሆን ይበቃኛል፤ እርጎ ከመሰለ ውሃ እጨምራለሁ። ሲኒውን በመቆንጠጫ ይዤ እነክርና ሦስት ቆጥሬ አወጣለሁ። አንዴ ነቅነቅ። መጀመሪያ ያብረቀርቃል፤ ወዲያው ሸክላው ውሃውን ሲጠጣው ብርቅርቅታው ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች ይጠፋና ነጭ ዱቄት ይቀራል። በመርፌ ጫር አድርጌ ውፍረቱን አያለሁ። መቆንጠጫው የነካውን በብሩሽ እነካካለሁ። በመጨረሻ መቀመጫውን ሙልጭ አድርጌ እጠርጋለሁ፤ አለበለዚያ ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ደብረ ብርሃን ላይ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። የጥቅምት ውርጭ ሲመጣ ማታ ነክሬ ውጭ አላሳድርም፤ ሸክላው የጠጣው ውሃ በረዶ ሲሆን ግሌዙን ያላቅቀዋል። ጠዋት ነክሬ ፀሐይ ላይ ነው የማሰጣው። እቶን ውስጥም በደንብ እስኪደርቅ ከ85 ዲግሪ አላሳልፈውም። መጽሐፉ ውሃ 100 ላይ ይፈላል ይላል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ግን 90 አካባቢ ይፈላል።

ብርዱ አንድ ጥቅም አለው። ግሌዙ ሲቀዘቅዝ ከሸክላው የበለጠ ከተኮማተረ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል፤ አንዳንዴ ከወራት በኋላ። ይህን ለመፈተን ሌሎች ፍሪጅ ይጠቀማሉ። እኔ ሲኒውን ባዶውን በረንዳ ላይ አሳድረዋለሁ፤ ማለዳ የፈላ ውሃ እሞላበታለሁ። ጠጋ ብዬ አዳምጣለሁ። ጢን ካለ የግሌዙን ሲሊካ ከፍ አደርጋለሁ።

ገበያ የማውቃቸው አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ሲኒዬን አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ ሸክላኮ ይተነፍሳል፤ ምን ብለሽ ታፍኚዋለሽ?" አሉኝ። ለእንስራ እውነታቸውን ነው። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ላብ ላብ ስለሚለውና ላቡ ስለሚተን ነው። ምጣድም ግሌዝ አይሻም፤ ጎመን ዘሩ ይበቃዋል። ጀበናም ፍም ላይ የሚጣድ ስለሆነ አልነካውም። "ለወተት ግን እማማ፣ ያልተቀባ ሲኒ ሽታ ይይዛል" ስላቸው "እሱስ ልክ ነሽ፣ እኛ በጭስ ነው የምናጥነው" ብለው ሲኒዬን መለሱልኝ። አልገዙኝም።

መብራትስ ሲሄድ ትሉኝ ይሆናል። ከ600 በታች ሳለ ከሄደ ብዙም አልጨነቅም፤ ሲመጣ እቀጥላለሁ። መቅለጥ ከጀመረ በኋላ ከሄደ ግን እቶኑን ዘግቼ እጠብቃለሁ፤ መብራት ሲመለስ የማምነው ቴርሞሜትሩን ሳይሆን ኮኑን ነው፤ ኮን እቶን ውስጥ የሚቆም፣ በቂ ሙቀት ሲያገኝ የሚጎብጥ ትንሽ ሾጣጣ ነው። ኮን ሙቀቱንም ጊዜውንም አጣምሮ ስለሚለካ፣ ጎንበስ ሲል በመስኮቷ አይቼ አጠፋለሁ።