የእንቅልፍ ክኒን ሲቀነስ አብሮ የሚቆም ሰው

ዲያዜፓም፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓም ወይም ሌላ የዚህ ዘር ማስታገሻ ከወር በላይ በየቀኑ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። አንጎል ክኒኑን ለምዶ የራሱን ማረጋጊያ ስላዳከመ፣ መድኃኒቱ በድንገት ሲቀር ልጓሙን ያጣል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይደልቃል፣ ሲብስም እንደ ሚጥል በሽታ ጥሎ ያንፈራግጣል። ለሚጥል በሽታ ፊኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ግን ይህን ለራሱ አያድርገው፤ ያለ ሐኪሙ ቃል ከመድኃኒቱ አንዲት ፍሬ አይቀንስ። ነፍሰ ጡርም መንገዷ ከሐኪሟ ጋር ብቻ ነው።

ቀስ ብሎ መቀነስ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱን ከዓመት በላይ ያቆየዋል። ሐኪም ደግሞ በቀጠሮ ነው፤ ጭንቀቱ የሚመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ያን ሰዓት የሚያውቅለት በዚሁ መንገድ ያለፈ ባልንጀራ ነው። ሥራው ግን ከመጀመሪያው ይለይ፦ ስንት ይቀነስ፣ መቼ ይቀነስ የሚለውን ታካሚውና ሐኪሙ ይወስኑ፤ ባልንጀራው ሌሊቱን ይያዝ። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ቦታ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል።

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ታፔላ አይቶ አይገኝም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክትትል ያለው ሰው ለባለሙያው፦ «በዚህ ያለፈና ለማውራት ፈቃደኛ የሆነ ታካሚ ካለ የእኔን ስልክ ስጡልኝ» ይበል። የሌላውን ቁጥር ከጠየቀ ባለሙያው የታካሚ ምስጢር ማውጣት ስለማይችል ነገሩ እዚያው ይቀራል፤ የራሱን ከሰጠ ግን ምርጫው ለዚያኛው ነው። መጠጥ ወይም ጫት የተወ ወዳጅም ይጠቅማል፣ አምሮትን ያውቃልና። ችግሩ «እኔ በአንድ ቀን ነው የጣልሁት፣ አንተስ ምን ያቅትሃል?» ማለቱ ነው። ጫት በአንድ ቀን ይተዋል፤ ይህ ግን አይተውም። ቅን ልብ ያለው ሰው የሚሰጠው አደገኛ ምክር ስለሆነ ገና ሲጀመር ይነገረው።

እናትና ሚስት ሌላ ናቸው። ይወዳሉ፣ ግን ክኒን ይቆጥራሉ፣ ፊት ያያሉ፣ አብረው ይደነግጣሉ። እነሱ ለድንገተኛ ጊዜ ይያዙ።

ሲጠይቁ ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «እርዳኝ» ለሚለው ማንም ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «ወንድምዓለም፣ ምክር አልፈልግም፤ ሲጨንቀኝ ስደውል 10 ደቂቃ አብረኸኝ ቆይ» ሲባል ግን ሰው ይችላል። ከዚያ በየትኛው ሰዓት መደወል እንደሚቻል፣ ካላነሳ ቀጥሎ ለማን እንደሚደወል፣ ምን ሲታይ ቤተሰብ እንደሚጠራ ይስማሙ። የመድኃኒቱ ስም፣ የዕለቱ መጠን፣ የሐኪሙና የአንድ የቤት ሰው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በሁለቱም እጅ ይቀመጥ። በቴሌግራም ብቻ መተማመን አይበጅም፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በእግር የሚደረስበት ሰው፣ ማራኪ ላለው ማራኪ፣ አዘዞ ላለው አዘዞ፣ ከሩቅ አዋቂ ይበልጣል። መንገድ ሊዘጋ ስለሚችልም ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማዘዣ ማሳደስ ነው። ባለቀበት ቀን መሯሯጥ ሳይወዱ በድንገት ማቆም ይሆናል።

ሰዎቹ ሦስት አራት ከሆኑ እንደ ማኅበር በየቤቱ መዞር ጥሩ ነው፤ ጠላ ግን አይቀርብም። ቡናው ራሱ ጣጣ አለው፦ አቦል የሚጠጣ ሰው ልቡ ሲመታ መድኃኒቱ የቀነሰበት ይመስለዋል። በረካውን መጠጣት፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነም በሻይ ቅጠል ሳይሆን በቀረፋና በቅርንፉድ ብቻ የፈላ ነገር ማቅረብ ይሻላል። ቡናን በአንድ ቀን መተውም ራስ ምታት ያመጣል፣ እሱም ቀስ ይበል።

የማኅበሩ ሕግ ሁለት ነገር ላይ አይላላ። አንደኛው፣ ክኒን መዋዋስ የለም። የዚሁ ዘር የሆነው አልፕራዞላም 0.5 ሚሊግራሙ በግምት ከ10 ሚሊግራም ዲያዜፓም ጋር ይመጣጠናል፤ አንዷን ትንሽ ፍሬ በሌላ ትንሽ ፍሬ የቀየረ ሰው ሳያውቅ መጠኑን እጥፍ ድርብ ያደርጋል፣ ወይም ይጥላል። ሁለተኛው፣ በፍጥነት መወዳደር የለም። «እኔ በሁለት ወር ጨረስሁ» የሚል አንድ ሰው ሌሎቹን ያቻኩላቸዋል፤ የተቻኮለው ሲያቅተው ያፍራል፣ ሲያፍር ይቀራል፣ ብቻውን ወደ ድሮው መጠን ይመለሳል። ከቀነሰ በኋላ የድሮውን ሙሉ መጠን መዋጥ ደግሞ ሰውነት ስለማይችለው፣ በተለይ አረቄ ከተጨመረበት፣ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ከ1982 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ይህን ብቻ የሚያክም ክሊኒክ የመሩት ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተንም ፍጥነቱን ለታካሚው ለራሱ ይተዉለት ነበር።

ሒሳቡን ባልንጀራውም ቢያውቀው ይጠቅማል፤ ለማዘዝ ሳይሆን ለምን እንደከበደ ለመረዳት። የተለመደው ቅነሳ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ አሁን ከሚወሰደው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፣ በሁለት ሳምንት ከ25 በመቶ አያልፍም። ባለ 5 ሚሊግራም ዲያዜፓም ለአራት ሲቆረጥ ሩቡ 1.25 ነው። ከ10 ወደ 8.75 መውረድ 12.5 በመቶ ነው፣ ብዙዎች ይችሉታል። ያው ሩብ ከ5 ላይ ሲነሳ 25 በመቶ፣ ከ2.5 ላይ ሲነሳ ግማሹ ይሆናል። «መጨረሻው ለምን ከበደኝ፣ ሰነፍሁ እንዴ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ነው። መፍትሔው ባለ 2 ሚሊግራም ፍሬ ወይም ሽሮፕ ካለ ሐኪሙንና መድኃኒት ቤቱን መጠየቅ ነው። ፈጭቶ በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ሩቡን መድፋት አይሠራም፤ ዲያዜፓም በውሃ በደንብ ስለማይሟሟ ከሥር ይዘቅጣል፣ አንድ ቀን ብዙ አንድ ቀን ምንም ይሆናል። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለልም ያው ነው። ዲያዜፓም ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ቅነሳው እስከ ሳምንት ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል። በሦስተኛው ቀን «ምንም አልሆንሁም» ሲል እልል አትበሉ፣ ሁለተኛውን ሳምንት ጠብቁ።

ሌሊት ሲደወል ክርክር አያስፈልግም። «አሁን የት ነህ? መብራት አብራ፣ እግርህን መሬት አስነካ፣ ከምትስበው ይልቅ ቀስ ብለህ አስወጣ» ማለትና ዝም ብሎ አብሮ መቆየት ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ በግልጽ ይጠየቅ፦ ራስህን ለመጉዳት እያሰብህ ነው ወይ? መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርም። አዎ ካለ ቤተሰብ ይቀስቀስ፣ ብቻውን አይተው፣ ሆስፒታል ይሂድ። የሌለ ነገር ካየ ወይም ከሰማ፣ ቀኑንና ቦታውን ከሳተ፣ ትኩሳት ከያዘው ወይም ካንቀጠቀጠው እንዲሁ። ሲጥለው በጎኑ አስተኝታችሁ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፤ ክብሪት አታሽትቱ፣ ማንኪያ በጥርሱ መሃል አታስገቡ፣ ውሃ አታጠጡ። ሰዓት ያዙ። በዚህ መድኃኒት ቅነሳ ላይ የመጣ መጣል በራሱ ቢያቆምም ሆስፒታል ያስኬዳል፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ሳይዘገይ።

ከተማው ውስጥ የሚፈትነው በክኒኑ ምትክ የሚወሰደው ነገር ነው። አረቄ በዚያው የአንጎል በር ስለሚገባ ለአንድ ሌሊት ያስተኛል፣ በማግስቱ ጭንቀቱን ይጨምራል። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል የመጣል አደጋን ከፍ ያደርጋል። ጫት ቅሞ ምርቃናው አልወርድ ሲለው ክኒን የሚውጥ ሰው ጫቱን ሳይነካ ክኒኑን ብቻ ቢቀንስ በየማታው ያው ጉድጓድ ይጠብቀዋል።

ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ክኒኑን ግን አይጣል። አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለዚህም የንስሐ አባትን ማማከር ቤተሰብን ያሳርፋል። በጾም ወይም በረመዳን የመዋጫ ሰዓት የሚለወጥ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪሙ ይወቀው። በጥምቀት ሳምንት መጠን አይነካ፤ ነርቩ ድምፅና ግፊያ በማይችልበት ወቅት ጎንደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከበሮና ሕዝብ ናት።

የመጨረሻዋ ፍሬ ከቀረች በኋላ ስብሰባውን ቶሎ አትበትኑ። ምልክቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንደ ማዕበል መጥቶ ይሄዳል፣ ሰው ዳነ ተብሎ የሚተወውም ያን ጊዜ ነው። ስልኩ ይቀጥል። ቤት የተረፈ ክኒን ካለ ለጎረቤት «ለእንቅልፍ» ተብሎ አይሰጥም፤ ለመድኃኒት ቤት ይመለሳል።